ዶክተር ሉካስ የሚቆጥራቸው አንገቶች

ኅዳር 21፣ ረቡዕ፣ ጽዮን ማርያም

ይስሐቅ ወንድምዓለም፣ በዛሬዋ ማርያም ይሁንብህ፣ አሁንስ እመነኝ። አምና ዋሽቻለሁ። ዋሽቻለሁ፣ ስንቴ ልበልህ፣ እግርህ ላይ ወድቄ ብዬሃለሁ። ይሄ ግን ያምናው ዓይነት አይደለም። በዓይኔ አይቼ ደሙን በእጄ አጥቤ ነው።

ስልክ አታነሳልኝም። ሰባት ጊዜ ደወልኩ። እንግዲያ እጽፈዋለሁ፣ ቀኑንም እጽፋለሁ፣ ኋላ ከራሷ ፈጠረችው እንዳትሉኝ። ከአምስተኛ ክፍል የቀረች ደብተር ምን ያደርግላታል የሚል ካለ ይበል።

ካምና ወዲህ ስላልተነጋገርን አታውቅም፣ እዚህ አርብ ገበያ ጋሽ ጸጋዬ ክሊኒክ ጽዳት ገብቻለሁ። አንሶላ አጥባለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ፣ መቀሱን እቀቅላለሁ። ማክሰኞና ረቡዕ ዶክተር መሐሪ ከደብረ ታቦር እየመጣ ኦፕራሲዮን ይሠራል። ካንድ ወር ወዲህ አብሮት ፈረንጅ አለ፣ ሉካስ ይባላል፣ ወጣት ነው፣ የሐኪም ትምህርቱን ጨርሶ ነው የመጣው። የመጣው ለማየት ነው። ለማየት ብቻ። ጋሽ ጸጋዬ ራሱ ሰብስቦን “ያመጣው ዓይኑን ነው፣ እጁ ኪሱ ውስጥ ይቀመጣል” ብሎናል።

ትናንት ዶክተር መሐሪ በሰዓቱ አልመጣም። ብርቄ የምትባል አራስነቷን ገና የጨረሰች ልጅ፣ አንገቷ ላይ የቅል ያህል እንቅርት አለባት፣ ተዘጋጅታ ተኝታለች። ስልክ ተደወለ። ጋሽ ጸጋዬ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ለፈረንጁ ያዘለት፣ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ፣ መጨረሻ ላይ ዶክተር መሐሪ ባማርኛ “ይጀምር፣ ክምር ድንጋይ ከተማ ደርሻለሁ” አለ። ሦስት ሰዓት ነበር። የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ብርቄ አልተኛችም፣ አንገቷን ብቻ ነው ያደነዘዟት። ሲስተር ሰልማ ነርሷ ጠራችኝ። “እጇን ያዥ፣ አስወሪያት፣ ዝም እንዳትል፣ ድምጿን እየሰማ ነው የሚቆርጠው” አለችኝ። አስወራኋት። ስንት ልጅ አለሽ አልኳት። አንድ አለች። ገብሱ ተወቃ ወይ አልኳት። አንድ ክምር ቀርቶናል አለች፣ ዋለ ብቻውን ነው፣ ዋለ ባሏ ነው፣ ካንዱ በሬ በቀር ሌላው ያነክሳል አለች፣ ልጄ እኮ አሁን አለች፣ አሁን እኮ ልጄ፣ ከዚያ አፏ ይንቀሳቀሳል ድምፅ የለም። እሷ እያወራች መስሏታል። ዓይኗ እኔ ላይ ነው፣ መልስ ትጠብቃለች።

ሲስተር ሰልማ አቁም አለችው፣ በሱም ቋንቋ በኛም ቋንቋ። ሉካስ ሁለት እጁን አንስቶ ቆመ። ከዚያ ደም መጣ። ቢያቆም ደሙ ይገድላታል፣ ቢቀጥል አያውቅም። ቀጠለ።

እኔ እጇን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያስወራኋት እኔ ነኝ።

ኅዳር 23፣ ዓርብ

ገበያ ነው፣ ክሊኒኩ ሞልቷል፣ ቶሎ ልጻፍ።

ብርቄ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣት። ውሃ ስትጠጣ ትን ይላታል። ልጇን አክስቷ አዝላ አመጣችው፣ ልትጠራው አፏን ከፈተች፣ ዞር አላለም።

ዋለ ምች ነው ይላል። ትናንት ደጅ ስትወጣ ፀሐይ ቁስሏ ላይ አረፈባት ይላል። አክስቷም ምች ነው ትላለች። ተራ የያዘው ሰው ሁሉ ምች ነው። ዳማከሴ አሽተው አመጡላት። እኔ ኧረ ምች አይደለም፣ ካልጋ ሳትነሳ ነው ድምጿ የሄደው፣ እጇን ይዤ ነበር አልኩ።

አክስቷ “አንቺ እናትሽን በስልክ የቀበርሻት አይደለሽም?” አለችኝ።

ሰው ሳቀ። እንቅርታሞቹም ሳቁ፣ አንገታቸውን ይዘው።

ኅዳር 24

የብርቄ ጣቶች ተቆለፉ። እጇ እንደ ዶሮ እግር ተኮማተረ፣ አይፈታም። ከንፈሯ ይንዘረዘራል። ዋለ አሁንስ ምች አይደለም የሰፈረባት ነገር አለ ብሎ ከነቁስሏ በቃሬዛ አስወጣት፣ ጠበል ወሰዷት። ጋሽ ጸጋዬ በር ላይ ቆሞ “ሃይማኖት አንከለክልም” አለ። ደስ ያለው ይመስላል። ሄደችለት።

ኅዳር 25፣ እሑድ

ሲስተር ሰልማ ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ያስታውቃል። ጠዋት ቤቴ መጣች። “ሰይጣን አይደለም፣ እንቅርቱን ሲያወጣ አብሮ የማይነካ ነገር አውጥቷል፣ በደሟ ውስጥ ካልሲየም አልቋል፣ መርፌውን ካልወሰደች ልቧ ይቆማል” አለችኝ። “እኔ ብቻዬን ብሄድ ማን ያስገባኛል፣ እስላም ነኝ፣ አንቺ ምሪኝ።”

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሄድን፣ ቁልቁለቱን በሩጫ። ሲስተር ሰልማ ከአጥሩ ውጭ ቀረች። እኔ ገባሁ። ብርቄን አርጥበዋት ነጠላ አልብሰዋት ትንቀጠቀጣለች። ጠበሉን የሚያጠምቁት መምሬ ፍሬው ናቸው፣ የእማዬ የንስሐ አባት። እግራቸውን ሳምኩ።

“አባቴ፣ መርፌ ታስፈልጋለች፣ ነርሷ ደጅ ቆማለች።”

ዋለ “አባ፣ ይቺን አይስሟት፣ ውሸታም ናት፣ አገር ያውቃታል” አለ።

መምሬ ፍሬው አዩኝ። “አውቃታለሁ” አሉ። “ንስሐዋን የሰጠኋት እኔ ነኝ። የነርሷን እጅ ግን አንተ ታውቀዋለህ? ልጅህን ማን አዋለደልህ?”

ያዋለደችው ሰልማ ናት።

“ጠበሉ መርፌ አይጠላም። ወደ ውጭ አውጧት” አሉ።

ከወይራው ሥር ነው የወጋቻት። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አድርጋ፣ ሌላ እጇን ከልቧ ላይ አድርጋ እየቆጠረች። እኔ ጣቶቿን ይዣለሁ። አንድ ባንድ ተፈቱ። አውራ ጣቷ መጨረሻ ተፈታ። አክስቷ እልል አለች፣ ሴቶቹ ሁሉ እልል አሉ፣ “ጠበሉ ፈታት” አሉ። ሰልማ መርፌዋን በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ማንም አላያትም። መምሬ ፍሬው ብቻ ውሃ ቀድተው ሰጧት፣ ተራውን ውሃ።

ኅዳር 27፣ ማክሰኞ

ሰልማን አባረሯት። ከመጋዘን መድኃኒት ሰርቃለች ተባለ። ስድስት ብልቃጥ። ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ቤት ነው።

ጫማዋን ስትሰበስብ አጠገቧ ሆኜ ወለል እወለውላለሁ። ይሄ ፈረንጅ ለምንድነው እንዲህ የሚቸኩለው አልኳት።

“አገሩ ሲመለስ እስፔሻሊስት ለመሆን ይወዳደራል። ብዙ ናቸው ተወዳዳሪዎቹ። ውጭ አገር ሄጄ ይሄን ያህል ሠርቻለሁ ብሎ ካላሳየ አያስገቡትም።”

“እዚያ እንቅርት የለም?”

“እንዲህ የተረሳ የለም። ደግሞ ቢኖርም ሳይማር አያስነኩትም። እዚህ ነክቶ ሄዶ ይማራል።”

ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ለጋሽ ጸጋዬ ደህና ዋሉ አለችው፣ ከነአክብሮቱ። እኔ ብሆን ምራቄን እተፋበት ነበር። እተፋበት ነበር እላለሁ እንጂ ቆሜ መወልወሌን ነው የቀጠልኩት።

ኅዳር 28

የሉካስን ክፍል ሳጸዳ ትንሿ ደብተሩ ተከፍታ አየኋት። አንገት ተስሏል፣ ፊት የለውም፣ አንገት ብቻ። ከሥሩ ጭረት፣ አራቱ ቆመው አምስተኛው ያጋደመባቸው፣ እኛ ነዶ ስንቆጥር እንደምናደርገው። ከነሱ ወዲያ ሁለት። ሰባት። ከጎናቸው ክብ ተሠርቶ 10 ይላል። ሰባተኛዋ ብርቄ ናት። እሷም እንደሌሎቹ ጭረት ናት። ድምጿ የሄደው የሆነ ቦታ ተጽፎ እንደሆነ እንጃ፣ ፊደሉን አላነበውም።

ገጿን እዚህ ልገለብጣት ብዬ ነበር። እጄ ስለራሰ ተውኩት።

ታኅሣሥ 2

ጋሽ ጸጋዬ ቢሮው ጠራኝ። በሩን ዘጋው።

“ምን እያወራሽ ነው በየደጁ?”

“ያየሁትን።”

“ያየሽውን? አንቺ ያየሽውን?” አለና ሳቀ። “አምና ምን አይተሽ ነበር? ወንድምሽ ጋቢውን አዘቅዝቆ እየጮኸ ሲመጣ እናቱ አውድማ ላይ ታበጥር ነበር። አገሩ እስከ ስማዳ ስቆብሻል። የትኛው ፖሊስ ነው አንቺን ሰምቶ የሚጽፈው?”

“ሥራሽን ሥሪ” አለኝ። “ብርቄ ድናለች። ጠበሉ አድኗታል። ነገሩ አልቋል።”

ይስሐቅ፣ ያምናውን አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈውና ይውጣልኝ። እማዬ ታማለች ቶሎ ና ነው ያልኩህ። ታማለች ብቻ። ግን በኛ አገር የሞተ ሰው በስልክ ሞተ አይባልም፣ ታሟል ና ነው የሚባለው፣ ሰፈር ሲደርስ ነው መርዶው። አውቄ ነው ያልኩት። አልቅሰህ እንደምትመጣ አውቄ ነው። ካልመጣህ በሳምንቱ ለዚያ ለወገዳው ሰውዬ ሊሰጡኝ ነበር፣ ልጆቹ እኔን ያካክላሉ፣ አንተ ካልሆንክ የሚያስቀር አልነበረም። ሥራህን ጥለህ ከባሕር ዳር መጣህ። ከመንደሩ አፋፍ ጀምረህ እየጮህክ። እማዬ ድምፅህን ሰምታ ማን ሞተብን ብላ አብራህ ልታለቅስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። እዚያ ላይ ተያያችሁ።

ጋብቻውን አስቀረህልኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አላናገርከኝም። ይገባኛል። አይገባኝም ደግሞ። ምን ላድርግ ነበር፣ ና ሊድሩኝ ነው ብልህ ኖሮ “እንኳን ደስ ያለሽ” ነበር የምትለኝ።

ታኅሣሥ 5፣ ረቡዕ

ትናንት አንድ ዛሬ አንድ አንገት ተሠራ። ዶክተር መሐሪ ራሱ ነበር፣ ከላዩ ቆሞ የሉካስን እጅ እየያዘ ያሳየዋል። ሁለቱም ሴትዮዎች ደህና ናቸው፣ አንዷማ ካልጋዋ ሆና ከጎረቤት ጋር ስለ ባቄላ ትጨቃጨቃለች። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሰማኋት።

እኔ ነኝ እንዴ የማበዛው። መምህሩ ሲኖር ደህና ነው። ሳይኖር ነው ጥፋቱ። ይሄን ጋሽ ጸጋዬ ያውቃል፣ ዶክተር መሐሪ ያውቃል፣ ሉካስ ያውቃል። ደጅ ያለው ሰው አያውቅም።

ዘጠኝ።

ታኅሣሥ 9

ብርቄ ቁስሏን ልታሳይ መጣች፣ ከዋለ ጋር። አንገቷ ጠፍጥፏል፣ ቆንጆ ሆናለች፣ ሴቶቹ ዞረው ያዩዋታል፣ አንዷ “ምን አለ እንደሷ ባረገኝ” ስትል ሰማሁ።

ሉካስ ወጣ። ቀልቷል። ከዚያን ቀን ወዲህ ምግቡን ሳይነካ ነው የሚመልሰው፣ ሳህኑን የማነሳው እኔ ነኝ። ብርቄ ፊት ቆመና “ይቅርታ” አላት። ባማርኛ። ሁለት ጊዜ።

ዋለ ትከሻውን ሳመው። “ኧረ ምን አጥፍተህ ጌታዬ፣ ምች ነው እንጂ፣ አንተማ ሉቃስ ነህ” አለው። ጋሽ ጸጋዬ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ፣ ምን እንዳለ እንጃ፣ ዋለ ያለውን አለማለቱን ግን አውቃለሁ። የሉካስ ፊት ሲቀልለው አየሁት። ሸክም እንዳወረደ ሰው። ያወረደው ብርቄ ላይ ነው። ብርቄ አፏን ከፍታ ዝም ብላ ቆማለች፣ መናገር ብትችል ምን ትል እንደነበር ማንም አልጠየቃት።

ስሜን አስተካክሎ የሚጠራ ፈረንጅ እሱ ብቻ ነው። የትናየት ይለኛል፣ የት ላይ ቆም ብሎ። ይሄን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ታኅሣሥ 17

እሺ። ይሄንንም ልጻፈው።

የመጣ ዕለት ጥቅምት 22 ነበር። የሉቃስ በዓል። ስሙን ሲናገር ሰው ተያየ። ሉቃስ ወንጌሉን ከመጻፉ በፊት ሐኪም ነበር፣ ይሄን የቤተ ልሔም የድጓ ተማሪ ቀርቶ ከብት ጠባቂው ያውቃል፣ በሱ ቀን በሱ ስም ሐኪም መጣ ተባለ፣ በሳምንቱ እስከ ስማዳ እስከ እስቴ ተሰማ። ሰልማ ዘጠኝ ዓመት ስታክማቸው አንድ ቀን ምልክት ናት ያላት የለም። እሱን ባንድ ቀን ታቦት አደረጉት።

ታቦት ያደረግሁት እኔም ነኝ። ገበያ እየወጣሁ ሉቃስ መጥቷል፣ እጁ ቀላል ነው፣ ያድናል ብዬ ያወራሁ እኔ ነኝ። እጁን አይቼው አላውቅም ነበር። በስልኩ ፎቶ አንሺኝ ሲለኝ፣ ከበሽተኞቹ ጋር፣ አንገታቸውን ገልጠው፣ ያነሳሁት እኔ ነኝ። “ጎበዝ” ይለኛል።

ኅዳር 5 ቀን እማዬን ያመጣኋት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት እንቅርቷን በነጠላ ጠቅልላ የኖረች ሰው፣ ላንተ እንኳ ገልጣ የማታሳይ፣ እኔ ነኝ በገዛ እጄ የገለጥኳት። አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ሲያይ ሉካስ ዓይኑ በራ፣ በጣቱ ቀለበቶቹን ተከተለ፣ ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሳት። ስሟን መዝገብ ላይ ያጻፍኩት እኔ ነኝ። ካሣነሽ፣ ከገና በኋላ፣ ጾሙ ይለፍ ብላ ነው።

አሁን ሰርዙልኝ ብል ባለጉዳይዋ ራሷ ትምጣ ይሉኛል። ባለጉዳይዋ አትመጣም።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። ቀጠሮዋን ነገሯት። ጥር 15፣ ሰኞ። ሉካስ ረቡዕ ነው የሚሄደው። የመጨረሻዋ እሷ ናት።

አሥረኛዋ።

ዶክተር መሐሪ ሰኞ መጥቶ አያውቅም። ለሷ ሲል ይመጣል አለኝ ጋሽ ጸጋዬ። ለሷ ሲል። እማዬን ስሟን እንኳ አያውቅም።

ጥር 6

እንዲህ ነው የተባባልነው፣ ቃል በቃል።

“እማዬ ይቅርብሽ። ደብረ ታቦር ትልቁ ሆስፒታል እንሂድ።”

“ደብረ ታቦር ሁለት ዓመት ወረፋ ነው አሉ።”

“ብርቄ ድምጿ ሄዷል።”

“ምች ነው።”

“ምች አይደለም አልኩሽ እኮ፣ እጇን ይዤ ነበር።”

“አንቺ ያልያዝሽው እጅ የለ።” ከዚያ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አንገቷን አሳየችኝ። “ሰባት ዓመቴ ነበር እናቴ እንቅርት እንዳይወጣብኝ ብላ በእሾህ ስታስነቅሰኝ። ነቃሿ ሴትዮ መጀመሪያ የገዛ ልጇን ነቅሳ፣ ቁስሉ ሲድን አሳይታን ነው እኔን የያዘችኝ። እኔም እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። አልሠራም። ወጣ። እንግዲህ የቀረኝ ይሄ ሐኪም ነው።”

“እሱስ በማን አንገት ተለማመደ? በራሱ ሰው ነው? በእህቱ ነው?”

ነጠላዋን መልሳ ጠቀለለችና “ሌሊት ስተኛ ያንቀኛል” አለች። “እነሳለሁ። ተቀምጬ ነው የማነጋው። አንቺ ተኝተሽ ነው የማታይው።”

ይሄን አላውቅም ነበር። አንድ ቤት ነው የምንተኛው።

ጥር 12፣ የቃና ሚካኤል፣ ታቦቱ ሲገባ

ሰልማን አገኘኋት፣ እናቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ትለካለች። እውነቱን ንገሪኝ አልኳት፣ ያንቃታል፣ ይውጣላት ወይስ ይቅር። “መውጣቱስ ይውጣ፣ የሚያንቅ እንቅርት ይወጣል” አለችኝ። “እዚያ አልጋ ላይ ግን አይደለም። የሚያንቅ እንቅርት በሽተኛዋ በማደንዘዣ ተኝታ፣ ኦክስጅን ኖሮ፣ ደም ተዘጋጅቶ፣ እጁ የለመደ ሐኪም ነው የሚያወጣው። የኛ ቤት ኦክስጅኑ ከመስከረም ጀምሮ ባዶ ነው። ካንገቷ ደም ወደ ውስጥ ቢፈስ የአራት ደቂቃ ነገር ነው።”

እማዬን ይዤላት መጣሁ። ሰልማ ይሄንኑ ነገረቻት። እማዬ አዳምጣ አዳምጣ “አንቺ ተባረሽ ነው” አለቻት፣ ሳትቆጣ። “እኔ ልጄን እሰማለሁ። የትናየትን አይደለም። ይስሐቅ ባፉ እናቴ ቅሪ ካለኝ እቀራለሁ። እሱ ዋሽቶኝ አያውቅም።”

ባፉ።

ስልክሽን ስጪኝ ብላት፣ አንዴ ያስደነገጥሽው ይበቃል ብላ ጉያዋ ከተተችው። በኔው አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። መጀመሪያ ይጠራል፣ ከዚያ ይዘጋል። አንተ ነህ የምትዘጋው።

ጥር 13

የጋሽ ጸጋዬን ቢሮ መስኮት ስወለውል ሰማሁት። ስልክ ላይ ነው። “መልሱ ሰኞ ነው እንዴ? እ። ሚዜ ሆነህማ አትቀርም። እ። ይጀምር ልበለው? እሺ፣ ከሰዓት ትደርሳለህ።” ሳቀ። “ግድ የለህም፣ ያሁኗ ባሏ ሞቷል፣ ነገረኛ የላትም።”

ዶክተር መሐሪ ነገ የሰርግ ሚዜ ነው። ሰኞ መልስ ነው። ጠዋት አይደርስም።

ነገረኛ የላትም አለ።

መወልወያ ጨርቁን ነከስኩት። መስኮቱን ልሰብረው ነበር። ከዚያ ሉካስን ፈለግሁት፣ ክፍሉ ሻንጣ እያሰናዳ ነው። “መሐሪ ሰኞ የለም” አልኩት፣ በእጄም በአፌም፣ “መሐሪ የለም፣ ሰርግ፣ የለም።” ገባው። እንደገባው አየሁ። ቁጭ አለ። ከዚያ አንድ ጣቱን አንስቶ “አንድ ብቻ” አለኝ። “አንድ ብቻ፣ የትናየት።” እየለመነኝ ነው። ፈርቷል፣ ከኔ እኩል ፈርቷል፣ ይቆርጣታል ግን።

እናቴ ናት አልኩት። ያውቃል። አንገቷን የገለጥኩለት እኔ አይደለሁ።

አሁን ላንተ ምን ብዬ እንደምልክ ነው የጠፋኝ። ታማለች ብል ወይ ዋሸች ትላለህ ወይ ሞታለች ትላለህ። ቶሎ ብል ያምናው ነው ትላለህ። ደህና ናት ብል አትደውልም። ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን ቃል እኔ ጨርሼዋለሁ።

ጥር 14፣ እሑድ፣ ስምንት ሰዓት

ሰልማ ስልኳን ሰጠችኝ፣ ቁጥሬን ስለማያውቀው ያነበዋል ብላ። መልእክቱን መጀመሪያ እዚህ ጽፌ እገለብጠዋለሁ፣ ቃል እንዳላበላሽ።

ይስሐቅ፣ የትናየት ነኝ፣ በሲስተር ሰልማ ስልክ። እማዬ አልሞተችም። መርዶ አይደለም፣ ጋቢህን አታዘቅዝቅ፣ መኪናም አትሳፈር፣ አትደርስም። አሁን ደጃፍ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ ከጎረቤት ከዓለምጸሐይ ጋር ዶሮ ገባብኝ እያለች ትጣላለች፣ ድምጿ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ነገ ጠዋት እንቅርቷን ሊቆርጣት ነው፣ የሚቆርጣት ገና የሚማር ልጅ ነው፣ የሚያስተምረው ሐኪም ሰርግ ሄዷል፣ ኦክስጅን የለም። እኔ ነኝ መዝገብ ያስገባኋት፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሱን ኋላ ትፈርድብኛለህ። እኔን ማመኑን ተወው። በዚህ ቁጥር ሰልማን ጠይቃት። መምሬ ፍሬውን ጠይቅ። ማንንም ካላመንክም ዝም ብለህ ለእማዬ ደውልና አትግቢ፣ ደብረ ታቦር እኔ ራሴ አስታክምሻለሁ በላት። ካንተ አፍ ካልሰማሁ አልቀርም ብላለች። ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለማደር ትገባለች፣ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ትፈርማለች፣ ስልኳን ዘበኛው ይቀበላታል፣ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ብትደውል የሚያነሳ የለም። እኔ ክሊኒኩ በር ላይ እቀመጣለሁ፣ ነጠላዋን ይዤ አስቆማታለሁ፣ እስክትደውል። ሳይመሽ መልሰህ ደውል።